የጦር መሣሪያ ይዞ ከአንድ የአሜሪካ ስቴት ወደ ሌላው እንዴት መዛወር ይቻላል?

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ባለቤትን የሚመለከቱት ሕጎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በመላ አገሪቱ የሚሠራው የፌዴራል ሕግ ሲሆን ሁለተኛው እያንዳንዱ ስቴት፣ አንዳንድ ጊዜም እያንዳንዱ ከተማ፣ በዚያ ላይ የሚጨምረው የራሱ ሕግ ነው። ለሚዛወር ሰው አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተገዛና በስቴቱ መዝገብ ላይ እንዲመዘገብ ያልተጠየቀ ሽጉጥ ባለቤቱ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ኑሮ በመሠረተ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ያው ሽጉጥ ከሁለቱ መካከል ወዳለችው ዋሽንግተን ዲሲ ቢገባ ደግሞ ባለቤቱ ለፖሊስ ለማሳወቅ ያለው ጊዜ 48 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ዝግጅቱን የሚጀምረው ዕቃ በማሸግ ነው፤ መሣሪያ ላለው ሰው ግን የዝግጅቱ መጀመሪያ ሕጉን ማንበብ መሆን ይገባዋል፣ ያውም ከመነሻው ቀን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ የራስዎን ሁኔታ ማጣራት

የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ሰው ሌላ የሕግ ክልከላ ከሌለበት በስተቀር በፌዴራል ሕግ መሣሪያ ሊኖረው ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንዳላቸው ሰዎች ባሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልተሸፈነ በስተቀር፣ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። የኢሚግሬሽን ጉዳያቸው ገና ያልተቋጨ ሰዎች ደግሞ ከመዛወራቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያነጋግሩ ገንዘባቸው በከንቱ ወጣ አይባልም።

ይህን ከሁሉ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዜግነት ላለው ሰው በመቀጮ ወይም በአጭር እስራት የሚያልፍ የመሣሪያ ጥፋት ዜግነት ለሌለው ሰው ከአገር የሚያስባርር ሊሆን ይችላል፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ ሕግን ተላልፎ መሣሪያ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም በማዘዋወር ጥፋተኛ መባልን ራሱን የቻለ የመባረር ምክንያት አድርጎ አስቀምጦታል፣ የግሪን ካርድ ባለቤትንም ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የወረቀት ጣጣ» የሚመስለው ነገር ለብዙዎቻችን ከወረቀት ያለፈ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተፈቀደለት ነጋዴ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ ማሪዋና ወይም ሌላ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ሕግን ተላልፎ ይጠቀም እንደሆነ ይጠይቃል። ማሪዋና በስቴቱ የተፈቀደ መሆኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ እንደ ቀላል ነገር የሚታየው ጫትም ቢሆን በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በአንደኛው የቁጥጥር መደብ ላይ የሰፈረ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ያለዎትን መሣሪያ በዝርዝር መመዝገብ

ለእያንዳንዱ መሣሪያ ዓይነቱን፣ አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ የጥይቱን መጠን፣ የአፈሙዙን ርዝመትና የመለያ ቁጥሩን ይጻፉ፤ የመለያ ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብበት ፎቶግራፍ ያንሱ፤ የግዢ ደረሰኝ ካለ አብረው ያያይዙ። የጥይት ካዝናዎቹንም አይርሱ፤ እያንዳንዱ ስንት ጥይት እንደሚይዝ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም በብዙ ስቴቶች ሽጉጡ ራሱ ተፈቅዶ ካዝናው ይከለከላል። ዝርዝሩን ከመሣሪያዎቹ ጋር በአንድ ሣጥን ማስቀመጥ ትርፉ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማጣት ነው።

የአፈሙዝ ርዝመት የሚለካው በ1934 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የፌዴራል ሕግ ምክንያት ነው። አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ጠመንጃና ከ18 ኢንች ያነሰ ሾትገን፣ እንዲሁም ሙሉ አውቶማቲክ መሣሪያ በዚህ ሕግ ልዩ ምዝገባ ያለባቸው ሲሆን፣ ባለቤቱ ወደ ሌላ ስቴት ከማሻገሩ በፊት የፌዴራሉ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቅጹን አይቶ መፍቀድ አለበት። ድምፅ ማፈኛ በዚሁ ሕግ ቢመዘገብም ለማሻገር ይህን ቅድመ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሆኖም የሚሄዱበት ስቴት ጨርሶ ሊከለክለው ስለሚችል ቀጣዩን ደረጃ ሳያነቡ አይነሡ።

ሦስተኛው ደረጃ፦ የሚሄዱበትን ስቴት ሕግ ማንበብ

ከጓደኛ ወይም ከመሣሪያ ሻጭ የሚሰማ ወሬ ለዚህ ደረጃ አይበቃም። የስቴቱ ፖሊስ ወይም የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ለአዲስ ነዋሪዎች ያወጣውን መመሪያ በቀጥታ ያንብቡ፤ ሕጎቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉና ፍርድ ቤቶችም ስለሚያግዷቸው መመሪያው የወጣበትን ቀን ይመልከቱ። መልስ የሚፈለግላቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ መሣሪያውን በቤት ለማኖር ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ምዝገባ አለ ወይ፣ ካለስ ጊዜው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? ስቴቱ የከለከለው የመሣሪያ ወይም የካዝና ዓይነት አለ ወይ?

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ጥቂት ስቴቶችን ላንሳ። ቴክሳስ መሣሪያ አይመዘግብም፤ ከመስከረም 2021 ወዲህም 21 ዓመት የሞላውና ክልከላ የሌለበት ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። ካሊፎርኒያ አዲስ ነዋሪ ሽጉጥም ሆነ ጠመንጃ በ60 ቀናት ውስጥ ለስቴቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ወደ ስቴቱ ማስገባትንም ይከለክላል። ኢሊኖይ የመሣሪያ ባለቤት መታወቂያ የሚል ካርድ አለው፤ አዲስ ነዋሪ የስቴቱን መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ካወጣበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ማመልከት አለበት። ሃዋይ ለምዝገባ የሚሰጠው 5 ቀን ብቻ ነው። ኮሎራዶ ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናን ከ2013 ጀምሮ ይከለክላል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝናን ከ2022 ጀምሮ፣ በሕጉ የተዘረዘሩ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን ከ2023 ጀምሮ ወደ ስቴቱ ማስገባት ከልክሏል፤ «ከድሮ ጀምሮ የራሴ ነው» የሚለው መልስ ለአዲስ ነዋሪ አይሠራም።

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ኒው ዮርክ ነው። በዚያ ሽጉጥ በመኖሪያ ቤት ለማኖር እንኳ የስቴቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሌላ ስቴት ፈቃድም ተቀባይነት የለውም፤ ስለዚህ ሽጉጡ ፈቃዱ እስኪወጣ ከስቴቱ ውጭ መቆየት አለበት። በኒው ዮርክ ከተማ ጠመንጃም ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ ሜሪላንድ ስንመለስ፣ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ያለባቸው ሽጉጦችና ሕጉ በስም የዘረዘራቸው አንዳንድ መሣሪያዎች ሲሆኑ ማመልከቻው ለስቴቱ ፖሊስ ይቀርባል። ተራ የአደን ጠመንጃ በዚህ ምዝገባ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች፣ በስቴቱ ውስጥ ከጥቅምት 1 ቀን 2013 በፊት በሕጋዊ መንገድ ካልተያዙ በስተቀር፣ ወደ ስቴቱ መግባታቸው ራሱ የተከለከለ በመሆኑ ለእነሱ የ90 ቀኑ ጊዜ አይሠራም።

አራተኛው ደረጃ፦ የማይሻገረውን ከመነሣት በፊት ማስወገድ

የሚሄዱበት ስቴት የሚከለክለው መሣሪያ ካለዎት ገና በቀድሞው ስቴት ነዋሪ ሳሉ ለተፈቀደለት ነጋዴ መሸጥ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ነው። በርካታ ሰዎች የሚሳሳቱት «ለወንድሜ ትቼለት እሄዳለሁ፣ በኋላ እንጨርሳለን» ሲሉ ነው። ባለቤቱ አንዴ የሌላ ስቴት ነዋሪ ከሆነ በኋላ መሣሪያውን ለወንድሙ መሸጥም ሆነ በስጦታ መስጠት በሁለት ስቴቶች ነዋሪዎች መካከል የሚደረግ ዝውውር ስለሚሆን በፌዴራል ሕግ በተፈቀደለት ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። ወንድማማችነት ከዚህ አያድንም። ስለዚህ ዝውውሩ የሚኖሩበት ስቴት በሚጠይቀው ሥርዓት ከመነሻው ቀን በፊት ይጠናቀቅ፣ ማስረጃውም በጽሑፍ ይያዝ።

አምስተኛው ደረጃ፦ ማጓጓዝ

በራስ መኪና መጓዝ የተሻለ ነው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ መሣሪያውን በመነሻውም በመድረሻውም መያዝና መታጠቅ የሚፈቀድለት መንገደኛ ጥብቅ ሕግ ባላቸው ስቴቶች ውስጥ እንዲያልፍ ከለላ ይሰጠዋል፤ ይህም መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ ሆኖ፣ መሣሪያውም ጥይቱም ከተሳፋሪዎች መቀመጫ እጅ የማይደርስበት ቦታ ሲቀመጡ ነው። ከኋላ የተለየ የዕቃ መጫኛ የሌለው መኪና ወይም ቫን ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለባቸው፤ የመኪናው የፊት ኪስና በመቀመጫዎች መካከል ያለው ሣጥን ቢቆለፉም አይቆጠሩም። መድረሻው ላይ መያዝ ለማይፈቀድለት ሰው ይህ ከለላ የለም።

ከለላው የሚጠብቀው መንገደኛን እንደሆነም መታወስ አለበት። በ2005 አንድ የዩታ ነዋሪ ሽጉጡን ለአየር መንገዱ አስመዝግቦ ወደ ፔንሲልቫኒያ ሲበር ኒውዋርክ፣ ኒው ጀርሲ ላይ ቀጣዩ በረራ አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ። በማግስቱ በአየር ማረፊያው ሽጉጥ እንዳለው ሲያስታውቅ ተይዞ ታሰረ። ክሱ በኋላ ቢነሣም፣ እሱ ያቀረበውን የካሣ ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 ውድቅ አድርጎበታል፤ ሻንጣው በሆቴሉ ባደረበት ጊዜ ሽጉጡ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነበርና። እንደ እኔ ከሆነ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው የሚያድርበትን ከተማ ከመነሻው መርጦ የዚያን ስቴት ሕግ ማየት አለበት፤ በአውሮፕላን የሚሄድ ደግሞ ጥብቅ ሕግ ባለው ስቴት በኩል የሚያቆራርጥ በረራ ባይቆርጥ ይሻላል። በአውሮፕላን ሲሆን መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን፣ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ብቻ ይሄዳል፤ ሻንጣው ሲሰጥም ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ከተጠቀሙ በጭነቱ ውስጥ መሣሪያ መኖሩን ለድርጅቱ መንገር ያስፈልጋል። ጥይት አልጭንም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የቀረውን ጥይት ተኩሶ ጨርሶ መሄድ ከክርክሩ ይቀላል።

ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ባለው አጭር መንገድ ላይ ሰዎች ይዘናጋሉ። የሜሪላንድ ሕግ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ በመኪና መያዝን በመርህ ደረጃ ይከለክልና ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ከነዚህ አንዱ ጥይት ያልጎረሰ ሽጉጥን በተዘጋ መያዣ ከራስ መኖሪያ ወደ ሌላ የራስ መኖሪያ ማጓጓዝ ነው። ቡና ቤት ጎራ ብሎ ጓደኛ ማነጋገር ወይም ለቅሶ መድረስ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሽጉጡን መጀመሪያ ቤት አድርሰው ከዚያ ይመለሱ።

ስድስተኛው ደረጃ፦ ከደረሱ በኋላ

መንጃ ፈቃድዎን ቶሎ ይቀይሩ። ሜሪላንድ ለዚህ 60 ቀን ትሰጣለች፤ የአሁኑን አድራሻ የሚያሳይ መታወቂያ የሌለው ሰው ከነጋዴ አዲስ መሣሪያ መግዛት ይቸገራል፣ ሽጉጥ ከነጋዴ የሚረከበውም በሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው። የማመልከቻው ጊዜ ኢሊኖይ ውስጥ ከመታወቂያው ቀን፣ የምዝገባው ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ነዋሪነት ከተመሠረተበት ቀን ስለሚቆጠር የኪራይ ውሉን የፈረሙበትንና የገቡበትን ቀን የሚያሳይ ሰነድ ያስቀምጡ። ውሉን ከመፈረምዎ በፊትም አከራዩ ስለ መሣሪያ ያስገባው አንቀጽ ካለ ያንብቡ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ የአቀማመጥ ሕጉን ያጣሩ፤ ሜሪላንድ ከ2023 ወዲህ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሣሪያ ማኖርን በጥብቅ ትቆጣጠራለች።

በመጨረሻም ስለ መታጠቂያ ፈቃድ። ፈቃዱ እንደ መንጃ ፈቃድ በየትኛውም ስቴት የሚያሠራ አይደለም፤ የቀድሞው ስቴት ፈቃድም ነዋሪነት ሲቀየር ዋጋውን ሊያጣ ስለሚችል አዲሱ እስኪወጣ ሽጉጡን ታጥቆ ከቤት አለመውጣት ነው። 29 ስቴቶች አዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ እንዲታጠቅ ቢፈቅዱም፣ በእነሱም ውስጥ ቢሆን ፈቃድ ማውጣት ጥቅም አለው፤ የፌዴራሉ ሕግ ከትምህርት ቤት ግቢ በ1000 ጫማ ርቀት ውስጥ በግል ይዞታ ባልሆነ ቦታ መሣሪያ መያዝን ሲከለክል ነጻ የሚያደርገው ትምህርት ቤቱ ያለበት ስቴት ራሱ ፈቃድ የሰጠውን ሰው ነው፤ ያልጎረሰውንና በተቆለፈ ሣጥን ያለውን መሣሪያ ግን አይነካም።