የመሬት ገጽን ሙቀት መሠረት አድርጎ ትነትን መገመት

አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለመትነን 2.45 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይወስዳል። በአንድ ፀሐይ ሥር ካሉ ማሳዎች መካከል ውሃ የጠገበው ቀዝቅዞ፣ የደረቀው ግን ግሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ የሚቀርበው ቀላል ስሌት ከአፈር የሚተነውንና በቅጠል በኩል የሚወጣውን ውሃ በአንድነት ይገምታል።

በመጀመሪያ ደመና በሌለበት ቀን የተነሣ የሙቀት ምስል ይመረጣል። ላንድሳት 8 እና 9 የተባሉት ሳተላይቶች እየተፈራረቁ አንድን ቦታ በየ8 ቀኑ ያነሣሉ። ተዘጋጅቶ የሚቀርበው የሁለተኛው ስብስብ (ኮሌክሽን 2 የተባለው የላንድሳት መረጃ እትም) የገጽ ሙቀት ምስል ቁጥር በ0.00341802 ተባዝቶ 149 ሲደመርበት ኬልቪንን ይሰጣል፤ 273.15 ሲቀነስለት ደግሞ ሴልሺየስ ይሆናል። ስስ ደመና መሬቱን ቀዝቃዛ አስመስሎ ትነቱን ስለሚያጋንን፣ የደመናው ዳርቻ ጭምር ከስሌቱ መውጣት አለበት።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ማሳው የሚነጻጸርባቸው የቀዝቃዛውና የሞቃቱ መነሻ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) ምርጫ ነው። ለቀዝቃዛው፣ በደንብ የጠጣና ቅጠሉ አፈሩን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ ሰብል ይፈለጋል፤ ሐይቅ ሙቀትን ወደ ጥልቁ ስለሚያስገባ ለዚህ አይሆንም። ለሞቃቱ ደግሞ ደረቅና ራቁት የእርሻ አፈር እንጂ አስፋልት ወይም ጣሪያ አይወሰድም። ከፍታው በሚለያይ አካባቢ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ማስተካከያ ካልተደረገ፣ ተራራው በከፍታው ብቻ የቀዘቀዘ ሆኖ ሳለ ብዙ ውሃ የሚያተን ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የማሳው ሙቀት ከሞቃቱ ይቀነስና ውጤቱ በሁለቱ መነሻዎች ልዩነት ይካፈላል፤ የሚገኘው ክፍልፋይ በዕለቱ የማጣቀሻ ትነት፣ ማለትም በደንብ የጠጣ ሣር በሚያተነው ውሃ ሲባዛ የማሳውን ትነት ይሰጣል። ሞቃቱ 45፣ ቀዝቃዛው 27፣ ማሳው 33 ዲግሪ ቢሆን፣ 12 ለ18 ሲካፈል 0.67 ይሆናል። በፔንማን-ሞንቲዝ ቀመር ከአየር ሁኔታ መረጃ የተሰላው የዕለቱ የማጣቀሻ ትነት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ማሳው 4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሄክታር 40 ሜትር ኩብ ውሃ አትንኗል። ሞቃቱ መነሻ በስሕተት 41 ተብሎ ቢወሰድ ግን ግምቱ ወደ 3.4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ፒክስል ከመተማመን ይልቅ የብዙ ተመሳሳይ ፒክስሎችን አማካይ መውሰድ ይሻላል።

በሁለት ምስሎች መካከል ላሉት ቀናት ክፍልፋዩ ቀስ በቀስ እንደሚለወጥ ተቆጥሮ በየዕለቱ የማጣቀሻ ትነት ይባዛል። በመሃል ዝናብ ከዘነበ ወይም ማሳው ከጠጣ ግን አፈሩ ለጥቂት ቀናት ከተገመተው በላይ ስለሚያተን፣ እነዚያ ቀናት ለብቻቸው መታየት ይኖርባቸዋል።