ቨርጂኒያ ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ ለተፈረደበት ሰው፦ ከችሎት በኋላ ምን ይደረጋል?

በሰሜን ቨርጂኒያ ችሎቶች በአማርኛ አስተረጉማለሁ። እዚያ የተባለውን ከማስተላለፍ በቀር አንዲት ቃል መጨመር አይፈቀድልኝም። ዳኛው ስለ ቫሳፕ ተናግረው ሲያልፉ፣ ሰውዬው ምንም ሳይገባው ራሱን ሲነቀንቅ፣ ልናገር የምሻውን ውጬ እወጣለሁ። የዋጥኩት ይኸው። ስለ ክሱ ጠበቃዎን ይጠይቁ፤ የእኔ ጉዳይ ከፍርዱ በኋላ ያለው ነው።

ቫሳፕ ጠጥተው ሲነዱ ጥፋተኛ የተባሉትን የሚያስተምርና አካሄዳቸውን ለፍርድ ቤት የሚያሳውቅ የግዛቲቱ ፕሮግራም ነው። ጥፋተኛ በተባሉ በ15 ቀን ውስጥ መግባት ግዴታ ነው። ደብዳቤ አይጠብቁ፤ ከችሎት እንደወጡ ይደውሉ። አስተርጓሚ እንደሚፈልጉም ያኔውኑ ይናገሩ። ልጅዎን ለማስተርጎም ይዘው አይሂዱ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ አጠጣጥዎ ይጠየቃሉ፤ በልጁ ፊት ይህን ሳይሸራርፍ የሚናገር አባት ከየት ይገኛል?

ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሕክምና የሚመደቡት በዚያ ቃለ ምልልስ ስለሆነ መልስዎን ያስቡበት። አሜሪካኖች አንድ መጠጥ የሚሉት 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለውን ነው፤ 5 በመቶ የሆነ 355 ሚሊ ሊትር ቢራ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይን ማለት ነው። የቤት ጠጅና አረቄ ግን ጥንካሬያቸው እንደ ጠማቂውና እንደ አውጪው ይለያያል። ስለዚህ «ሁለት ብርሌ ብቻ» ብለው አይለፉት። የብርሌውን መጠን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደጠጡ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ያስረዱ። ትምህርቱ በአብዛኛው 20 ሰዓት ሆኖ በ10 ሳምንት ይከፋፈላል። ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው መቅረት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ መርሐ ግብሩን ሲመርጡ ይናገሩ እንጂ ከቀሩ በኋላ አያስረዱ።

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ (ጁላይ) 2012 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት ሰው እንኳ ለመንዳት ከፈለገ መኪናው ላይ ትንፋሽ የሚመረምር መሣሪያ ያስገጥማል። ሕጉ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ላይ ሲደርስ ሲከስስ መሣሪያው 0.02 ላይ ሞተሩን ይከለክላል፤ የማታው ግብዣ ጠዋት ሥራ ሊያስቀርዎት ይችላል ማለት ነው። አልኮል ባለበት የአፍ ማጠቢያ ተጉመጥምጠው አይንፉ። በጉዞ ላይ እያሉም እንደገና ንፉ ይልዎታል። ሌላ ሰው ቢነፋልዎ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቢያንስ ስድስት ተከታታይ ወር ያለ ጥሰት ማለፍ አለብዎት።

የሰዓትና የቦታ ገደብ ያለበት መንጃ ፈቃድ ከጠየቁ ወገኖቻችን የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ወደ አምልኮ ቦታ መሄድ የሚፈቀደው በሳምንት አንድ ቀን፣ በተጻፈው ሰዓትና ቦታ ነው። የእሑድ ቅዳሴ ከተጻፈልዎ የወር በዓሉ ማክሰኞ ሲውል ሰው ይውሰድዎት። ቅዳሴው ሌሊት የሚገባ ከሆነም ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር፦ ለእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚባለው ለዳኛው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። በተጻፈበት ወረቀት ላይ ሰዓቱን ራስዎ አይተው ያረጋግጡ፤ ወረቀቱም መኪናው ውስጥ አብሮዎት ይሁን።