ክብደት ለመቀነስ ስፖርት ሲሠሩ የሚመጣ ድካም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ስፖርት ጀምረው ሦስት ሳምንት ያህል በጥሩ ስሜት ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ቀን ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ ይከዳዎታል፤ ባለፈው ሳምንት ያለ ችግር የሠሩት እንቅስቃሴም እንደ ድንጋይ ይከብድዎታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ራሱን በስንፍና ይወቅስና ስፖርቱን ጨምሮ ምግቡን ይቀንሳል፤ ይህም ድካሙን ያባብሰዋል። መንስኤውን ለመለየት በመጀመሪያ መታየት ያለበት ድካሙ የሚመጣበት ሰዓት ነው።

ጥሩ ጀምረው መሃል ላይ አቅም ሲያጡ

ጡንቻ ለጠንካራ እንቅስቃሴ በዋናነት የሚጠቀመው በራሱና በጉበት ውስጥ የተከማቸውን ግላይኮጅን የሚባለውን የስኳር ክምችት ነው። ኃይል ሰጪ ምግብ ከመጠን በላይ ሲቀነስ ይህ ክምችት ሳይሞላ ይቀርና ስፖርቱ ሳይጋመስ አቅም ያልቃል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ከሚታየው ፈጣን ቅናሽ አብዛኛው ውሃ ነው። ይህን እንደ ስብ ቆጥሮ በዚያው ፍጥነት ለመቀጠል ምግብ መቀነስ ጉዳት ያስከትላል።

መፍትሔው ከስፖርቱ ከ1 እስከ 3 ሰዓት አስቀድሞ ለሆድ የማይከብድ ኃይል ሰጪ ምግብ መብላት ነው። የውሃ እጥረትም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው፣ ከስፖርት በፊትና በኋላ ተመዝነው ልዩነቱን ይመልከቱ። ከክብደትዎ 2 በመቶ፣ ማለትም 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.4 ኪሎ ያህል፣ ከቀነሰ የጠጡት ውሃ አልበቃም ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ድካም

ይህ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ነው። ሌላው ሰው ሳይበርደው እርስዎን ይበርድዎታል፣ በትንሽ ነገር ይበሳጫሉ፣ ሐሳብዎ ከምግብ አይርቅም፣ ሌሊት ይነቃሉ፤ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቀር ይችላል። እነዚህ አብረው ሲታዩ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በሚበላውና በሚቃጠለው መካከል ያለው ጉድለት ከልክ ማለፉ ነው፤ ሰውነት የሚገባለት ኃይል ከሚያወጣው በእጅጉ ሲያንስበት ሌሎች ሥራዎቹን እየቀነሰ መቆጠብ ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የሚመከረው ጉድለት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሆን፣ ክብደቱም በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ቢቀንስ በቂ ነው። ለተከታታይ ሳምንታት ከዚህ በፍጥነት እየቀነሱ የሚደክምዎት ከሆነ ምግብ ይጨምሩ። ጡንቻ አብሮ እንዳይሟሽሽ፣ የኩላሊት ሕመም ለሌለበት ሰው፣ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ማግኘት ይረዳል። «ከበላሁ የለፋሁበት ሁሉ ይመለሳል» የሚለውን ፍርሃት እረዳለሁ፤ ነገር ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ክብደትን ባለበት የሚያቆይ መጠን ሲበሉ ሚዛኑ ትንሽ ከፍ ቢል፣ የተመለሰው ቀደም ሲል የተጠቀሰው ግላይኮጅንና ውሃው ነው።

ከእንቅልፍ ሲነሱም የደከሙ ከሆነ

ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው የልብ ምትዎን ለ60 ሰከንድ ይቁጠሩ። ደህና በነበሩበት ሳምንት የተመዘገበው 62 ሆኖ ለተከታታይ ቀናት 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰውነትዎ ካለፈው ስፖርት ገና አላገገመም ይሆናል፤ ጉንፋንና ጭንቀትም ምቱን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለዚህ ጠንካራውን ስፖርት ለጥቂት ቀናት በቀላል የእግር ጉዞ ይተኩ። ከዚያ በኋላም ጠንካራ ልምምድን በተከታታይ ቀናት አይሥሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እየሠሩ ማውራት በሚችሉበት ፍጥነት ይቆዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነውና በየቀኑ ሁለት ሰዓት መሮጥ ግዴታ አይደለም። እንቅልፍ ከ7 ሰዓት አይነስ። ቡና ከጠጡ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ያህል በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከሰዓት በኋላ አለመጠጣት ይሻላል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይለውጡ። ለአንድ ሳምንት አንዱን ብቻ ካስተካከሉ የትኛው እንደጠቀመዎት ያውቃሉ።

ተስተካክሎም ካልለቀቀ

ምግቡም እረፍቱም ተስተካክሎ ድካሙ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የደም ማነስና የብረት ማዕድን እጥረት፣ በተለይ የወር አበባ በሚበዛባቸው ሴቶች ላይ፣ እንዲሁም የታይሮይድ ዕጢ መዳከምና የስኳር በሽታ ሁሉም ያደክማሉ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ ስፖርት ሊያከብዱ ይችላሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ በስፖርት መካከል ቢንቀጠቀጥና ቢያልበው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ አቁሞ ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት።

በስፖርት ጊዜ ደረት ላይ ሕመም ወይም መጨነቅ ከተሰማዎት፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ትንፋሽዎ አርፈውም ካልተመለሰ፣ ወይም ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንትዎ እንደ ኮካ ጠቁሮ ጡንቻዎ ካበጠ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።