የቤት ኢንሹራንስ ከማደሳችሁ በፊት

የማደሻ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ ካለፈው ዓመት ጨመር ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ነባር ደንበኛ ዞር ብሎ ዋጋ አያጣራማ! ውሉ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ከሌሎች ሁለት ሦስት ኩባንያዎች ዋጋ ጠይቁ። ሽፋኑ ግን አንድ ዓይነት ይሁን፦ ያው የቤት ግምት፣ ጉዳት ሲደርስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትም ያው ድርሻ። አለዚያ ርካሹ የረከሰው ጎርፉን ወይም የፈነዳ ቧንቧን ከውሉ ስላወጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዝቅተኛውን ዋጋ ይዛችሁ ለነባሩ ኩባንያ ደውሉ። አዲስ ደንበኛ መፈለግ ለእነሱም ወጪ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ይደራደራሉ። ያልተዘጋ የካሳ ጥያቄ ካላችሁ ግን እሱ እስኪያልቅ ውሉን ባትነካኩት ይሻላል። አዲሱ ውል ሳይጸናም አሮጌውን እንዳታቋርጡ።