እግር ውሃ ሲቋጥር፣ ቆዳ ሲላላጥ፣ ጥፍር ሲጠቁር፦ ለረጅም ርቀት ሯጮች

5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጨርሶ የማይታወቅ ስፌት 25ኛው ላይ እንደ ቢላዋ ይከረክራል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በደቂቃ 170 ጊዜ እየረገጠ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ተኩል የሚጨርስ ሯጭ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዱ እግሩ ብቻ 14 ሺህ ጊዜ ያህል መሬት ያርፋል። ትንሿ ጉድለት 14 ሺህ ጊዜ ትደጋገማለች ማለት ነው። ስለዚህ ቅባትና ፕላስተር ከመግዛታችሁ በፊት የታመመውን ቦታ በደንብ እዩት፤ ጥፋቱ የቱ ጋ እንዳለ ብዙውን ጊዜ ቦታው ራሱ ይናገራል።

የቋጠረው ተረከዝ ጀርባ ላይ ከሆነ ተረከዛችሁ በየእርምጃው እየተነሳ ይወርዳል፤ ወይ ጫማው ሰፍቷል ወይ ክሩ ላልቷል። ጣቶች ጫፍ ላይ ከሆነ ጫማው አጥሯል፣ አለዚያም ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው። የትንሿ ጣት ጎን የጠባብ ጫማ ምልክት ነው። በጣቶች መካከል ሲሆን እርጥበትና መጨናነቅ ተጋግዘዋል፤ ለዚህ እንደ ጓንት ለእያንዳንዱ ጣት ቦታ ያለው ካልሲ ጥሩ መፍትሔ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው ከጣቶች ሥር ያለው ሰፊው የውስጥ እግር ነው። እዚያ ሲያቃጥል «ጫማው ጠቦኛል» ተብሎ የባሰ ሰፊ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ እግር ጫማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ ነው የሚያቃጥለው።

ውሃ የሚቋጥረው ቆዳው ከላይ ስለተፋቀ ብቻ አይደለም። ላብ ያራሰው ቆዳ ካልሲው ላይ ይጣበቃል፣ ውስጥ ያለው አጥንት ግን ይንቀሳቀሳል። በሁለቱ መካከል የሚጎተቱት የቆዳ ንብርብሮች ይላቀቁና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። የጥጥ ካልሲ የማይመከረውም ላቡን ይዞ ስለሚቀር ነው። ሰው ሠራሽ ክር ወይም ስስ የሱፍ ካልሲ ይሻላል። ሲለበስ ጣቶች ላይ እጥፋት እንዳይቀር በእጅ አስተካክሉት።

ጫማ ሲለካ እግር የሚያብጥበትን የቀኑን ማብቂያ ምረጡ፤ የምትሮጡበትንም ካልሲ አድርጉ። ቆማችሁ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ ትልቁ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለተኛው የሚበልጥባቸው ሰዎች አሉ። ስፋቱን ለማወቅ ውስጥ ያለውን ተነቃይ ሶል አውጥታችሁ ቁሙበት። እግራችሁ ከጠርዙ ከፈሰሰ ያ ጫማ ለእናንተ ጠባብ ነው፤ በክር አይስተካከልም።

የተረከዝ መንሸራተት ግን በክር ይስተካከላል። በብዙ የመሮጫ ጫማዎች ላይ ከሁሉ በላይ፣ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ኋላ ያፈነገጠች ቀዳዳ አለች፤ ብዙ ሰው ትርፍ ትመስለዋለች።

1. ክሩን እንደ ወትሮው እያጣመራችሁ ከዚያች በፊት እስካለው ቀዳዳ አድርሱ።
2. ከዚያ ሳታጣምሩ እያንዳንዱን ጫፍ በራሱ በኩል ባለው የመጨረሻ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ከውጭ ትንሽ ቀለበት ተዉ።
3. የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፉ።
4. ተረከዙን መሬት ላይ መታ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አስጠጉ፣ ጫፎቹን ወደ ታች ስባችሁ እሰሩ።

እዚህ ላይ ስሕተት የሚፈጠረው ማጥበቁ ላይ ነው። መጥበቅ ያለበት የቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ብቻ ነው፤ ጣቶች ከደነዘዙ ከታች ያሉትን ሁለት ሦስት ረድፎች አላሉ። የእግር የላይኛው ክፍል የሚያም ከሆነ ደግሞ ክሩ በሚያመው ቦታ ላይ እንዳይጣመር በየጎኑ ቀጥ አድርጋችሁ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አውጡት።

ቫዝሊንና ፕላስተር አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም፤ ቅባት የነካው ቆዳ ፕላስተር አይዝም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ለሚቋጥርባችሁ ፕላስተሩ ይሻላል። ቆዳውን በአልኮል ጥረጉና አድርቁ፣ የፕላስተሩን ማዕዘኖች በመቀስ አክብቡ (ሹል ጫፍ ካልሲ እየያዘው ይነሳል)፣ ያለ ሽብሽብ ለጥፉ፣ በእጅ አሽታችሁ አሙቁት። እየሮጣችሁ አንድ ቦታ መለብለብ ከጀመረ ያኔውኑ ቁሙ። ጠጠር ወይም የካልሲ እጥፋት ሊሆን ይችላል። ሁለት ደቂቃ መቆም ለአንድ ሳምንት ከማነከስ ያድናል።

ከቋጠረ በኋላ ትንሽና የማያምን አትንኩት። ትልቅ፣ የተወጠረና መርገጥ የከለከለ ከሆነ እጅንም ቦታውንም ታጠቡ፣ መርፌ በአልኮል አጽዱ፣ ጠርዙ አካባቢ ሁለት ሦስት ቦታ ውጉ፣ ፈሳሹን በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከላይ ያለውን ቆዳ አትላጡት፤ ከእሱ የተሻለ መሸፈኛ የለም። ደም የቋጠረን አትውጉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ ራሱ አይሞክረው። መግል፣ የሚሰፋ መቅላት ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ሐኪም ነው።

ጥፍር የሚጠቁረው ጫማው ፊት ላይ ደጋግሞ ሲጋጭ ከሥሩ ደም ስለሚቋጠር ነው። ከሩጫው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጎኖቹን አትቆፍሩ። የጠቆረውን አትንቀሉት፣ አዲሱ ከሥር እየገፋ ራሱ ይጥለዋል። የትልቁ ጣት ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሕመሙ የሚመታ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደሙን ማስወጣት ይቻላል።

መላላጥ ሌላ ባሕርይ አለው። ላቡ ሲደርቅ የሚቀረው ጨው እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል፣ ዝናብ ደግሞ ልብሱን አክብዶ ያባብሰዋል። ጉያ፣ ብብት፣ የጡት ጫፍና የጡት ማስያዣ የታችኛው ቀበቶ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። ቫዝሊኑን ከመልበሳችሁ በፊት በደረቅ ቆዳ ላይ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከሁለት ሰዓት ለሚያልፍ ሩጫ በትንሽ ላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ። ለጡት ጫፍ ፕላስተር ይሻላል። ጭናቸው ለሚፋተግ ከቁምጣ ሥር አጭር ታይት ያስፈልጋል። የስፖርት ጡት ማስያዣ ስትመርጡ ዋናውን ድጋፍ የሚሰጠው ማንገቻው ሳይሆን ቀበቶው ነው፤ ከሥሩ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ከሩጫ በኋላ የተላጠውን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ እንጂ በፎጣ አትፈግፍጉ።

የራሰ ጫማ እሳት ዳር ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሙጫው ይለቃል፣ የመሃል ሶሉም ይበላሻል። ተነቃዩን ሶል አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሩና ጥላ ውስጥ አሳድሩት። አብዛኛው ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። የታችኛው ሶል ገና ደህና ሆኖ ከላይ ያለው ስፖንጅ ሊሞት ስለሚችል ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ ስታዩት ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ጊዜው አልፏል። አዲሱን ቢያንስ አንድ የ15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ልምምድ ሳታደርጉበት ለውድድር አታውጡት።

ውድድር ከሆነ የደረት ቁጥሩን ካናቴራውን ከለበሳችሁ በኋላ ሆድ አካባቢ ዝቅ አድርጋችሁ በአራቱም ማዕዘን በመርፌ ቁልፍ አያይዙት። ከፍ ብሎ ደረት ላይ የተሰካ ወረቀት ጠርዙ ክንዳችሁን ሲከረክር ይውላል።