በገንዘብ አያያዝና በኢንቨስትመንት ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገንዘቡን በሥርዓት ማስተዳደር የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ገንዘቤን የት ላውለው?» ወይም «የትኛውን አክሲዮን ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጊዜው ግን ገና ነው። ጀማሪዎች መጥፎ አክሲዮን በመግዛታቸው ከሚከስሩት ይልቅ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚፈልጉትን ገንዘብ ለዓመታት መቆየት ባለበት ነገር ላይ በማሰራቸው ወይም ለዓመታት የማይፈልጉትን ገንዘብ ያለ ሥራ በማስቀመጣቸው የሚከስሩት ይበልጣል። እያንዳንዱ ገንዘብ የሚፈለግበት ቀን አለው፤ ከዚህ በታች የምናያቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ያንን ቀን ካለማወቅ፣ አለዚያም እያወቁ ችላ ከማለት የሚመጡ ናቸው።

ወጪን በግምት መያዝ

ብዙ ሰው ገቢውን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል፤ ወጪውን ግን ይገምታል። ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ወጪ ያንሳል፤ ምክንያቱም በየወሩ የሚደጋገመውን የቤት ኪራይ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ሲያስታውስ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጣውን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የኢንሹራንስ ዓረቦን፣ የተሽከርካሪ ወይም የቤት ጥገና ይረሳል። እነዚህ ወጪዎች ሲደርሱ «ድንገተኛ» ይባላሉ፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚመጣ ወጪ ድንገተኛ ሊባል አይችልም። መፍትሔው የዓመቱን ድምር ለ12 አካፍሎ በየወሩ የድርሻውን ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ዕድሜ ልክ እያንዳንዱን ትንሽ ወጪ እየመዘገቡ መኖር አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም፤ አብዛኛው ሰው ሁለትና ሦስት ወር በታማኝነት ከመዘገበ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በሚገባ ይረዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምዝገባ ብዙውን ጊዜ ከጥቅሙ ድካሙ ያመዝናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ስህተት «ወሩ ሲያልቅ የተረፈውን እቆጥባለሁ» ማለት ነው። ወር ሲያልቅ የሚተርፍ ገንዘብ ብርቅ ነው። ቁጠባው ደመወዙ በገባበት ዕለት፣ ቢቻልም በባንክ ቋሚ ትእዛዝ ወደ ሌላ ሒሳብ መዛወር አለበት፤ መጠኑ መጀመሪያ ላይ አነስተኛ መሆኑ አያሳስብም።

ያለ መጠባበቂያ ወደ ኢንቨስትመንት መግባት

ከሥራ መፈናቀል፣ ሕመም ወይም አስቸኳይ ጥገና ቢገጥም የሚያገለግል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያለውን አስፈላጊ ወጪ የሚሸፍን የመጠባበቂያ ገንዘብ ሳይኖር አክሲዮን መግዛት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ነው። የአደጋው ባሕርይ በሚገባ መታወቅ አለበት። ኢኮኖሚ ሲቀዛቀዝ ኩባንያዎች ሠራተኛ ይቀንሳሉ፤ በዚያው ሰሞን የአክሲዮን ዋጋም ይወርዳል። ስለዚህ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ሥራውን ያጣበት ወር አክሲዮኑ እጅግ የረከሰበት ወር ይሆንና፣ ዋጋው እስኪያገግም መታገሥ ሳይችል ለቤት ኪራይ ሲል በግማሽ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ምርጫው የተሳሳተ ስለነበረ አይደለም የከሰረው፤ ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ቀድሞ ስለደረሰ ነው።

ገቢው ወር በወር የሚለዋወጥ ነጋዴ ወይም በኮንትራት የሚሠራ ባለሙያ ከስድስት ወር በላይ ቢይዝ ይመረጣል። ይህ ገንዘብ በፍጥነት ሊወጣ በሚችልበት ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ከእርሱ ትርፍ መጠበቅም አይገባም። ሥራው ሌላውን ገንዘብ ከግዳጅ ሽያጭ ማዳን ብቻ ነው።

ውድ ዕዳን ተሸክሞ ትርፍ ማሳደድ

በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚያስከፍል የክሬዲት ካርድ ወይም የፍጆታ ብድር ያለበት ሰው በዓመት 10 በመቶ ለማትረፍ ተስፋ አድርጎ አክሲዮን ቢገዛ፣ ሒሳቡ ገና ከመነሻው ኪሳራ ነው። በዚህ ወለድ የተበደረውን ዕዳ መክፈል ያለ ምንም ስጋት 24 በመቶ እንደማትረፍ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለ አስተማማኝ ትርፍ የሚሰጥ ኢንቨስትመንት ደግሞ የለም።

በየትኛውም የገንዘብ ዓይነት ቢታሰብ ውጤቱ አንድ ነውና አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕዳው 10 ሺህ ነው፤ ወለዱ በወር 2 በመቶ ነው። ተበዳሪው በየወሩ 250 ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ወር ከከፈለው ውስጥ 200 ያህሉ ለወለድ ይውልና ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 50 ብቻ ይሆናል። በዚህ አካሄድ ዕዳውን ለመጨረስ ሰባት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል፤ በድምሩም ከ20 ሺህ በላይ ይከፍላል። ወርኃዊ ክፍያውን ወደ 500 ከፍ ቢያደርግ ግን በ26 ወር ይጨርሳል፤ የሚከፍለው ድምርም ከ13 ሺህ በጥቂቱ ያነሰ ይሆናል። ክፍያው እጥፍ ሲሆን ጊዜው በግማሽ ሳይሆን ከሁለት ሦስተኛ በላይ እንደቀነሰ ልብ ይሏል።

በብድር ውል ላይ የተጻፈውን የወለድ መቶኛ ብቻ አይቶ መፈረምም ጀማሪዎችን በብዛት የሚጎዳ ስህተት ነው። ወለድ በሁለት መንገድ ይሰላል፤ አንደኛው በቀሪው ዕዳ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕዳው እየቀነሰ ቢሄድም እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ ነው። አንድ ሰው 12 ሺህ በ10 በመቶ በሁለተኛው ስሌት ተበድሮ በ12 ወር ቢመልስ፣ ወለዱ 1,200 ስለሆነ በየወሩ 1,100 ይከፍላል። ሲታይ 10 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ተበዳሪው ሙሉውን 12 ሺህ በእጁ ያቆየው ለአንድ ወር ብቻ ስለሆነ፣ በቀሪ ዕዳ ላይ ሲሰላ ትክክለኛው ወለድ ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ሁለት አበዳሪዎችን ማወዳደር የሚቻለው የስሌቱን ዓይነት፣ የአገልግሎት ክፍያውንና በድምር የሚመለሰውን ገንዘብ ጠይቆ ነው።

ለሌላ ሰው ብድር ዋስ መሆንም ከዕዳ ተለይቶ መታየት የለበትም። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ዕዳው የዋሱ ነው፤ ስለዚህ ራስዎ ልትከፍሉት የማትችሉትን መጠን በዋስትና አትፈርሙ።

የተቆጠበ ገንዘብ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ማመን

በሒሳብ ደብተር ላይ ያለው አኃዝ ስላልቀነሰ ገንዘቡም አልቀነሰም ማለት አይደለም። የዋጋ ንረቱ በዓመት 12 በመቶ ሆኖ ባንኩ የሚከፍለው ወለድ 7 በመቶ ከሆነ፣ የተቀማጩ የመግዛት አቅም በየዓመቱ ከ4 በመቶ በላይ ይሸረሸራል፤ ይህ ለአሥር ዓመት ቢቀጥል ከአቅሙ አንድ ሦስተኛ የሚበልጠው ይጠፋል። በግርድፉ ለማስላት 72ን ለዓመታዊው መቶኛ ማካፈል ይበቃል፦ ንረቱ 12 በመቶ ከሆነ ዋጋ በስድስት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ባንክ ማስቀመጥ ስህተት ነው ማለት አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ ለሚፈለግ ገንዘብ የመግዛት አቅሙ በጥቂቱ መቀነሱ ተገቢ ዋጋ ነው፤ ለ15 ዓመት ለማይፈለግ ገንዘብ ግን ከባድ ኪሳራ ነው።

በፍጥነት እንደሚያበለጽጉ በሚነገርላቸው ዕቅዶች መታለል

እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ከብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ሰብስቧል። ትርፉ የሚገኘው በአገሮች መካከል የዋጋ ልዩነት ካለው የፖስታ መልስ ኩፖን (በሌላ አገር ለመልስ ደብዳቤ በቴምብር የሚለወጥ ወረቀት) ንግድ ነው ይል ነበር፤ በእውነቱ ግን ለቀደሙት የሚከፍላቸው ከኋላ ከመጡት በተቀበለው ገንዘብ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ዛሬም በስሙ ይጠራል። የቀደሙት ሰዎች በእርግጥ ተከፍሏቸዋል፤ «እኔ ራሴ ተቀብያለሁ» ብለው ሲመሰክሩም አልዋሹም። የጓደኛ ወይም የዘመድ ምስክርነት እንዲህ ባለ ጉዳይ ማስረጃ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም አጭበርባሪ ግን የተጋነነ ትርፍ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የተጋለጠው አሜሪካዊው የኢንቨስትመንት አስተዳዳሪ በርናርድ ማዶፍ ለደንበኞቹ ያሳይ የነበረው ትርፍ በመጠኑ ብዙም የሚያስደንቅ አልነበረም፤ የሚያጠራጥረው ገበያው ሲወጣና ሲወርድ የእርሱ ውጤት ለዓመታት ሳይናወጥ መቀጠሉ ነበር። እውነተኛ ኢንቨስትመንት ይዋዥቃል። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ከትልቅ ትርፍ ይልቅ ኪሳራ አልባ የሆነ ትርፍን አብልጦ ሊጠራጠር ይገባዋል። ገንዘብ ከመስጠት በፊት ድርጅቱ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያለው መሆኑን ከመሥሪያ ቤቱ ራሱ ማረጋገጥ፣ ትርፉ ከምን ሥራ እንደሚመጣ መጠየቅ፣ ሌላ ሰው ማምጣት የገቢው ምንጭ ከሆነም መተው ነው። «ዛሬ ካልከፈልክ ዕድሉ ያመልጥሃል» የሚል ግፊት በራሱ በቂ መልስ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ታሪክ የሚደገመው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም በአንድ ነገር ላይ ማዋል

የአሜሪካው የኢነርጂ ኩባንያ የኤንሮን ሠራተኞች የደረሰባቸው ነገር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በኩባንያው የጡረታ ቁጠባ ዕቅድ ውስጥ ከነበረው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው የኩባንያው የራሱ አክሲዮን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አጋማሽ ላይ ከ90 ዶላር በላይ የደረሰው አክሲዮን፣ ኩባንያው በታኅሣሥ 2001 ኪሳራ ሲያውጅ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ብዙዎቹ ሠራተኞች ደመወዛቸውንና የጡረታ ቁጠባቸውን በአንድ ሰሞን አጡ። የሚሠሩበትን ኩባንያ አክሲዮን መግዛት የሚያውቁትን ነገር መግዛት ይመስላል፤ በተግባር ግን ገቢንም ሀብትንም በአንድ ዕጣ ላይ ማሰር ነው።

ለዚህ የተለመደው መፍትሔ በአንድ ገበያ ያሉ በርካታ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት የሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ነው፤ ጆን ቦግል የመሠረተው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ቫንጋርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራ ባለገንዘቦች ካቀረበው ወዲህ ዓይነቱ እየሰፋ መጥቷል። ይሁንና የአንድ አገር ገበያ በሙሉም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ሊወድቅ ይችላል። የጃፓን ትላልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ የሆነው ኒኬይ 225 እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ እንደገና ያለፈው በ2024 ነው። ስለዚህ ገንዘብን በኩባንያዎች ብቻ ሳይሆን ቢቻል በአገሮችና በሀብት ዓይነቶችም ማከፋፈል፣ የሚፈለግበት ቀን በቀረበ ቁጥርም ከአክሲዮን ወደ ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ ገንዘብ አበድሮ ወለድ የሚገኝበት ሰነድ) እና ወደ ባንክ ተቀማጭ ማዛወር ተገቢ ነው።

ዋጋ ሲወጣ መግዛት፣ ሲወርድ መሸጥ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው ከሚያገኘው ጥቅም ይልቅ እኩል መጠን ያለው ጉዳት አብልጦ ይሰማዋል። በዚህ የተነሳ ጀማሪው ሁሉም ሰው ስለ አንድ አክሲዮን ሲያወራ በውድ ይገዛል፤ ሲወርድ ደግሞ ሕመሙን ለማስቆም ሲል በርካሽ ይሸጣል። ከዚያም ያጣውን በፍጥነት ለመመለስ ይበልጥ አደገኛ ወደሆነ ነገር ይገባል። ሒሳቡም አይረዳውም፦ 50 በመቶ የጠፋበት ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማትረፍ አለበት። ስሜትን በፈቃድ ብቻ መግዛት አዳጋች ስለሆነ፣ በየወሩ በተወሰነ ቀን ተመሳሳይ መጠን መግዛትና የገበያውን ዋጋ በየዕለቱ ከማየት መቆጠብ የተሻለ ነው። ተበድሮ አክሲዮን መግዛት ግን ለጀማሪ በምንም መልኩ አይመከርም፤ ዋጋው ሲወርድ የሚሸጥበትን ቀን አበዳሪው ሊወስን ይችላልና።

ትንሽ የሚመስልን ክፍያ መናቅ

ፈንዶች ለአስተዳደር የሚያስከፍሉት 1 ወይም 2 በመቶ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። 100 ሺህ በዓመት 7 በመቶ እያተረፈ ለ30 ዓመት ቢቆይ 761 ሺህ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ላይ በየዓመቱ 1 በመቶ ለክፍያ ቢሄድና 6 በመቶ ብቻ ቢተርፍ 574 ሺህ፣ 2 በመቶ ቢሄድ ደግሞ 432 ሺህ ይሆናል። አዘውትሮ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው በየግብይቱ የሚከፍለው ኮሚሽንና ግብርም በዚሁ መንገድ ይጠራቀማል። ምርት የሚሸጥልዎ አማካሪ የሚከፈለው ከእርስዎ ነው ወይስ ከሻጩ ድርጅት የሚለውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሰነድን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መተው

ይህን ርዕስ ብዙ ምክር ሰጪዎች አያነሱትም። ባለሒሳቡ ድንገት ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ቤተሰቡ የትኛው ባንክ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የአክሲዮን ሰርተፍኬቱ የት እንደተቀመጠ፣ ማን ብድር እንዳለበት ካላወቀ ለዓመታት የተጠራቀመው ሀብት ሊባክን ይችላል። የሒሳቦችን፣ የኢንሹራንስ ውሎችንና የዕዳዎችን ዝርዝር፣ የሚስጥር ቁጥሮችን ሳይጨምር፣ በአንድ ገጽ ጽፎ ለአንድ የሚታመን የቅርብ ሰው የት እንዳለ መንገር፣ በየሒሳቡም ተጠቃሚ ወይም ወራሽ ማስመዝገብ በቂ ነው። ገጹን በዓመት አንዴ፣ እንዲሁም ጋብቻ፣ ፍቺ ወይም የልጅ መወለድ ሲኖር ማደስ ያስፈልጋል።