በግቢ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሳ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወረርሽኝ ተጠረጠረ ሲባል ቀድሞ የሚደርሰው መርጫ ያነገበ ሠራተኛ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘው ሰው ብቅ የሚለው በሦስተኛው ቀን ነው። ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይኸው ነው። «የክሊኒኩ መዝገብ አለ እኮ» ይባላል። መዝገቡ የሚናገረው ተማሪው ክሊኒክ የመጣበትን ቀን እንጂ ሕመሙ የጀመረበትን አይደለም። ማክሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ማስታወክ የጀመራት ተማሪ ፈተናዋን ጨርሳ ሐሙስ ከመጣች መዝገቡ ሐሙስ ይላል። እንዲህ ያለ ሠላሳ መስመር ሲጠራቀም፣ በአንድ እራት የተመረዙ ተማሪዎች በሽታው ከሰው ወደ ሰው ቀስ እያለ የተዛመተባቸው ይመስላሉ። ወጥ ቤቱ ይታለፍና ዶርም ሲረጭ ይዋላል።

ስለዚህ አንድ ሉህ ይዘጋጅ፤ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ምልክቶቹ፣ ዶርምና ክፍል ቁጥር፣ የሚጠቀምበት መጸዳጃ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት የበላበትና ውሃ የጠጣበት ቦታ ይስፈርበት። ማን እንደሚቆጠርም አስቀድሞ ይወሰን፤ ለምሳሌ «ከሰኞ ወዲህ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ያስቀመጠው ወይም ያስታወከ የግቢው ነዋሪ»። ይህ ካልተወሰነ አንዱ ነርስ የሆድ ቁርጠት ሁሉ ይቆጥራል፣ ሌላው የከፋባቸውን ብቻ።

ናሙና ከመወሰዱ በፊት አንቲባዮቲክ አይታደል፤ በጠና የታመመ ሰው ሕክምና ግን ናሙና አይጠብቅም። ከውሃ ማጠራቀሚያውም ክሎሪን ሳይጨመርበት በፊት ናሙና ይቀዳ።

በረኪና ላይ የሚሠራው ጥፋት ብዙ ነው። ትውከት ሳይጠረግ በረኪና ቢደፋበት ቆሻሻው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፤ ቫይረሱ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ጓንትና ጭምብል ተደርጎ በወረቀት ይጠረግ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በረኪናው ይፍሰስ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። ልክ እንደፈሰሰ መወልወል ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ከ900 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ለትውከት ይሆናል፤ ለበር እጀታና ለመሰል ቦታ 20 ሚሊ ሊትር ከ980 ጋር ይበቃል። ጠዋት የተበጠበጠ ለነገ አይቀመጥም። አሲድ ካለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ማቀላቀል ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ኖሮቫይረስ (ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ) ከተጠረጠረ በየበሩ ሳኒታይዘር መስቀል ልብን ያሳርፍ ይሆናል እንጂ ብዙም አይረዳም፤ ሳሙናና ውሃ ይቅረብ።

የታመመውንና የተጋለጠውን አንድ ክፍል ማስተኛት በሽታውን በገዛ እጅ ማከፋፈል ነው። ሁለቱ ክፍል ብቻ ሳይሆን መጸዳጃም ይለያያሉ። የማግለያ ክፍል ተዘጋጅቶ ምግብ የሚያደርስ ሰው ካልተመደበ ደግሞ ታማሚው ሰባት ሰዓት ላይ ሳህኑን ይዞ የካፌ ሰልፍ ላይ ይገኛል። ምን ያድርግ? ራበው።

ማጅራት ገትር በመጣ ቁጥር ለክፍሉ ሁሉ ክኒን ማደልም የተለመደ ነው። ሜኒንጎኮከስ በተባለው ባክቴሪያ ለሚመጣው ማጅራት ገትር መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው ከታማሚው ጋር በቅርብ ለኖሩት ነው፤ ለዶርም ጓደኛ፣ ለፍቅር ጓደኛ፣ ለምራቁ ለተጋለጠ። አዳራሽ ውስጥ አምስት ረድፍ ርቆ የተቀመጠ አይቆጠርም። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የማይቋቋም ከሆነ ለአዋቂ ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ቢቻል ታማሚው በታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ። ታማሚው ከታመመ ከ14 ቀን በኋላ መስጠት ጥቅሙ እምብዛም ነው።

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው የወጥ ቤት ሠራተኛ ምልክቱ ከቆመ 48 ሰዓት ሳይሞላው አይመለስ። ደመወዙ ከተቆረጠበት ግን ሕመሙን ይደብቃል። የሕክምና ወረቀት ካላመጣ ዜሮ የሚሰጠው ተማሪም እንዲሁ እያተኮሰው ይፈተናል።

ግቢ ዘግቶ ተማሪን መበተን የመጨረሻው ነገር ይሁን፤ በሽታውን በየአውቶቡሱ መላክ ነው።

አዲስ ታማሚ ለሳምንት ስለጠፋ ብቻ «አበቃ» ማለትም ስህተት ነው። የሚቆጠረው የበሽታው ረጅሙ የመፈልፈያ ጊዜ (ተሕዋሱ ሰውነት ከገባ ምልክት እስኪታይ ያለው ጊዜ) ሁለት እጥፍ ነው። ለኩፍኝ 42 ቀን ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው ታማሚ ሽፍታ ከወጣበት ዕለት እንጂ ክሊኒክ ከመጣበት አይደለም።